«ሁኔታው ደስ አላለኝም»

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ንግግር ያውቃል። በካርድ ላይ አይሰፍርም፤ በወርኃዊ ሪፖርት ውስጥም ቦታ የለውም። ነርሷ ሕፃኑን ታይና ወደ ባልደረባዋ ዘንበል ብላ፣ እናቲቱ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የዚህ ልጅ ሁኔታ ደስ አላለኝም» ትላለች። ሙቀቱ ገና አልተለካም፤ ትንፋሹ አልተቆጠረም፤ እናቱም ስለ ሕመሙ ተናግራ አልጨረሰችም። ባልደረባዋ ግን ልምድ ያላት ከሆነች የያዘችውን ትታ ትመጣለች።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በዚሁ የሕፃናት ክፍል ነው። አዲስ የሚመደቡ ወጣት ነርሶች ስሜቴ ልክ ሆኖ ሲያገኙት «ሲስተር፣ በምን አወቅሽ?» ይሉኛል። «ልቤ ነገረኝ» ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ ነገር ግን ወጣቷ ነርስ ነገ ይዛው ወደ ክፍሉ የምትገባው አንዳች ነገር ከዚህ መልስ አታገኝም። «ስሜት ዋጋ የለውም፣ መመሪያውን ብቻ ተከተዪ» ብላትም እውነቱን እደብቃታለሁ፤ እኔ ራሴ በየቀኑ ስሜቴን እሰማለሁና። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ይዤው ቆየሁ። ምሁራን በጉዳዩ ላይ የጻፉትን ፈልጌ አነበብኩ፤ የራሴንም ሥራ ታዘብኩ። ውስጣዊ ስሜት ሊታመን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ግን በሁሉም ነገር ላይ አይደለም፣ የሚናገረውም ሁሉ እኩል አይታመንም።

ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ወባና ትኩሳት ሲበዛ ክፍላችን ይጨናነቃል። ሰኞ ጠዋት ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ይሞላና እናቶች ወለሉ ላይ ነጠላ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ከቱላ በኩል በባጃጅ የመጡ አሉ፤ ከአቶቴ በእግራቸው የመጡም አሉ። ወረፋው በካርድ ቁጥር ነው። እኔ ግን ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በመካከላቸው አልፋለሁ። አምርሮ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ አያስደነግጠኝም፤ ለማልቀስ አቅም አለውና። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ቁልፍ በዓይኑ የሚከተል፣ ከቻለም እጁን የሚዘረጋ ልጅ ወረፋውን ሊጠብቅ ይችላል። ዓይኑን ከፍቶ የማያይ፣ ራሱን በእናቱ ደረት ላይ ጥሎ ቁልፉ በፊቱ ሲያልፍ ዝም የሚል፣ ዝንብ ከንፈሩ ላይ ስታርፍበት ፊቱን የማያዞር ልጅ ግን ቁጥሩ የመጨረሻ ቢሆንም አስቀድሞ ይገባል።

ይህን ሁሉ በቃላት የዘረዘርኩት አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፍ ነው። በእናቶቹ መካከል ሳልፍ ግን ቁልፉንም ዝንቡንም በየተራ እያሰብኩ አይደለም። ከሐሳቤ በፊት እርምጃዬ ይዘገያል። ለምን እንደዘገየ የማውቀው ቆሜ ልጁን ደግሜ ሳየው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይህ ነገር ያስፈራኝ ነበር፤ ምክንያቱን የማላውቀውን ነገር እንዴት አምናለሁ እል ነበር።

ፍርሃቴን ያቀለለልኝ አንድ ጥናት ነው። ቤት ክራንዳል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ጽሑፍ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ልምድ ያላቸውን ነርሶች ጠይቃ ነበር። እነዚህ ነርሶች ሕፃኑ በደም ውስጥ ኢንፌክሽን መያዙን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ይለዩ ነበር። በምን እንዳወቁ ሲጠየቁ «በልምድ»፣ «በስሜት» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበራቸውም። ክራንዳል ግን በዚህ አልተመለሰችም። አንድ አንድ ሕፃን እያነሳች፣ ያን ቀን ምን እንዳዩ፣ ከዚያ በፊት ምን አይተው እንደነበር፣ ቆዳው፣ እንቅስቃሴው፣ አመጋገቡ እንዴት እንደነበር በዝርዝር አስወራቻቸው። ከወሬያቸው ውስጥ ምልክቶች ወጡ። አንዳንዶቹ በጊዜው በነበሩ መጻሕፍት ውስጥ ጨርሶ ያልተጻፉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በአዋቂ ሰው ላይ ከሚታየው ተቃራኒ ነበሩ። ነርሶቹ ስሜት ያሉት ነገር ዓይናቸው ያየው፣ አንደበታቸው ግን ገና ያልደረሰበት እውቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመንም ይህንኑ ነበር የሚለው፤ ለእሱ ውስጣዊ ስሜት ማለት ቀድሞ ያዩትን ነገር መልሶ ከመለየት የተለየ ምንም ምሥጢር የለውም።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንጀራ ስትጋግር ሰዓት አትቆጥርም፤ ዓይን ማውጣቱን አይታ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ጊዜው ሲደርስም ከጎረቤት ጋር እያወራች ታነሳለች። ይህን እውቀት የሰጣት ምጣዱ ነው። ምጣድ ወዲያውኑ ይመልሳል፤ አበዛሽ፣ አሳነስሽ፣ ዘገየሽ ይላል፣ በየእንጀራው። ስለ ውስጣዊ ስሜት ሳስብ ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ይህ ስሜት የተማረው የት ነው? ሲሳሳት የመለሰለት ነገር ነበረ ወይ?

ስሜትን ማመን ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ የገባኝ በአንዲት አያት በኩል ነው። የአሥር ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። እናቱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የጠዋት ፈረቃ ላይ ስለነበረች መቅረት አልቻለችም። አያትየው የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው፤ እኔ ጥቂት እሰማለሁ፣ የቀረውን ባልደረባዬ ትተረጉምልኝ ነበር። ልጁ ሳልና መጠነኛ ትኩሳት ነበረው። ምርመራው ወባ አላሳየም። አያስመልሰውም፤ አላንቀጠቀጠውም፤ የሚሰጡትን ይጠጣል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ 46 ሆነ። ከሁለት ወር እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለ ሕፃን ፈጣን የሚባለው ከ50 ጀምሮ ነው። በመመሪያው መሠረት ልጁ ጉንፋን ነው የያዘው፤ ለአያትየው ምክር ሰጥቶ፣ የሚመለሱበትን ቀን ነግሮ ማሰናበት ይቻላል።

እኔ ግን ካርዱን ለመዝጋት እጄ አልታዘዘልኝም። አያትየውም አልተነሡም። «ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ ታሟል። እንዲህ ሆኖ ግን አያውቅም» አሉ።

«ምኑ ነው የተለየው፣ እማማ?» አልኳቸው።

ወዲያው አልመለሱም። ልጁን አዩት፣ ነጠላውን ከፊቱ ገለጥ አደረጉና እንደገና አዩት። «ሲታመም ያስቸግረኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ አላስቸገረኝም።»

ከክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ አደረግሁና አንድ ሰዓት እንዲቆዩልኝ ለመንኳቸው። በየመሐሉ ብቅ እያልኩ አየሁት። ለሁለተኛ ጊዜ ስቆጥር 58 ደረሰ፤ ሲተነፍስም የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መሰርጎድ ጀምሮ ነበር። የኦክስጅን መለኪያውን ጣቱ ላይ ስናደርግ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ላክነው። ልጁ ኦክስጅንና መድኃኒት በጊዜ አግኝቶ ዳነ።

ከዚያ ቀን የያዝኩት ነገር የእኔን ስሜት ትክክለኛነት አይደለም። አያትየው ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር። እኔ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን አይቻለሁ፤ እሳቸው አንድን ሕፃን በሺህ ሁኔታ ውስጥ አይተውታል። በዚህ ረገድ አን ቫን ደን ብሩል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡትን ጥናት ለሁሉም ወጣት ነርስ እነግራለሁ። በቤልጂየም ፍላንደርስ አካባቢ ወደ ቤተሰብ ሐኪም የመጡ 3,890 ልጆችና ወጣቶች ተመዘገቡ። ሐኪሞቹ ከምርመራው ውጤት ለይተው «አንድ ከባድ ነገር እንዳለ ይሰማኛል» የሚለውንም እንዲጽፉ ተጠየቁ። ይህን ስሜት ይበልጥ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል የልጁ መፍዘዝና አለመሳቅ፣ የተለወጠ አተነፋፈስ፣ የክብደት መቀነስና ማንቀጥቀጥ ይገኙበታል። ከልጁ አካል ውጭ ካሉት ነገሮች ሁሉ የበለጠ ክብደት የነበረው ግን «ይህ ሕመም ከበፊቱ ይለያል» የሚለው የወላጅ ሥጋት ነበር። የእኒያ አያት ቃል ማለት ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣው ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አነሣዋለሁ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ቀላል ነው ብለው ከመዘገቧቸው 3,369 ልጆች መካከል ስድስቱ በኋላ በከባድ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ ስሜታቸውን ተከትለው ቢሆን ኖሮ ከስድስቱ ሁለቱን አስቀድመው መለየት ይችሉ ነበር። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ 44 የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥሩን ሳየው ጥቅሙ ከዋጋው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋው ግን ዋጋ ነው፤ የሚከፍለውም እኔ አይደለሁም። ከአሞራ ገደል የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ አስታውሳለሁ። ልጁን ስሜቴ አላምን ስላለኝ ወደ ሆስፒታል ላክሁት። አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ደህና ነው ብለው መለሱት። አባትየው መረቡን ሳይጥል አደረ፤ ለባጃጅና ለምግብ ያወጣው ገንዘብ አለ፤ ሌሎቹን ልጆች ጎረቤት ላይ ጥሎ ነበር የሄደው። መጥቶ በትሕትና፣ ግን ቅር ብሎት፣ «ሲስተር፣ በከንቱ ተንገላታን» አለኝ። በዚያ ልጅ ላይ ያደረግሁትን ዛሬም ደግሜ አደርገዋለሁ። ሆኖም ቃሉ ሥራዬን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ስሜቴ ሲቀሰቀስ መጀመሪያ የሚያዘኝ ዋጋው ዝቅ ያለውን ነገር ነው፤ ልጁን ማስቆየት፣ ትንፋሹን እንደገና መቁጠር፣ ሌላ ነርስ ስሜቴን ሳልነግራት እንድታየው ማድረግ። ከዚያ በኋላም ካልቀለለኝ ለወላጅ በግልጽ እናገራለሁ። «ምንም ላይሆን ይችላል፤ የላክኋችሁ ግን ላለመጸጸት ነው» እላለሁ። እንዲህ ሲነገረው የሚቆጣ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስሜቴን ለመፈተን ደብተር ይዣለሁ። ልጁ ሲገባ፣ ከመለካቴ በፊት፣ በአንድ ቃል የተሰማኝን እጽፋለሁ፤ ያሳየኝን ነገር ካወቅሁ እሱንም እጨምራለሁ። በኋላ የሆነውን ከጎኑ አሰፍራለሁ፤ ወደ ሆስፒታል የተላከውን ስልክ እየደወልኩ አጣራለሁ። የልጅ ስም አልጽፍበትም። ሥራ በሚበዛበት ቀን ደብተሩ ይዘለላል፤ ቢሆንም ከዓመት ወደ ዓመት ብዙ ገለጠልኝ። የልጁ ንቃትና አተነፋፈሱ የሚቀሰቅሱት ሥጋት ብዙ ጊዜ መሠረት አለው። የትኩሳቱ ከፍታ ብቻውን የሚፈጥረው ድንጋጤ ግን ያን ያህል አያስተማምንም፤ 39.5 ሆኖ የሚጫወት ልጅ አለ፣ 37.5 ሆኖ የሚያሳስብ ልጅ አለ። ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ የመረጋጋት ስሜት ነው። ልጁ ወፈር ያለ፣ ልብሱ የጸዳ፣ እናቱም የተማረችና ነገር አስረድታ የምትናገር ስትሆን ማንም ነርስ ልቧ ቶሎ ያርፋል። ይህ ዕረፍት ስለ ልጁ ሳምባ አንዳችም አይናገርም። ልጁን ያላየነው የእናቱ አንደበት ስለሸፈነብን ነው።

ስለዚህ የሥራ ሕጌ ይህ ሆነ፤ ስሜቴ «ተጠንቀቂ» ሲለኝ እሰማዋለሁ፣ «ምንም የለም» ሲለኝ ግን በቁጥር እፈትነዋለሁ። ሥጋት ሲያሳስተኝ ጥቂት ሰዓትና ጥቂት ገንዘብ ይጠፋል። መረጋጋት ሲያሳስት የሚጠፋው ልጅ ነው። ሁለቱም ከአንድ ልብ የሚወጡ ቢሆኑም እኩል እምነት አይገባቸውም። ሥጋትንና ተራ ፍርሃትንም እለያለሁ። ፍርሃት የሚያወራው ስለ እኔ ነው፤ ብሳሳት ምን ይሉኛል፣ ኃላፊው ምን ይለኛል ይላል። ሥጋት ስለ ልጁ ነው የሚያወራው፤ ወደ አንገቱ፣ ወደ ደረቱ፣ ወደ ዓይኑ ይጎትተኛል። ልቤ ሲመታ መጀመሪያ የማጣራው የሚያወራው ስለ ማን እንደሆነ ነው።

መመሪያና ስሜት ጠላቶች እንደሆኑ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። መመሪያ ማለት ከእኛ በፊት የነበሩ ብልህ ዓይኖች ያዩት ነገር ተጽፎ ሲቀመጥ ነው። ቨርጂኒያ አፕጋር በኒው ዮርክ የማደንዘዣ ሐኪም ነበረች። አዲስ የተወለደ ሕፃን እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ ልምድ ያለው ሐኪም በአንድ እይታ ያውቀው የነበረውን በአምስት ነገር ከፈለችው፤ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ፣ የቆዳ ቀለም፤ ለእያንዳንዱም ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ ሰጠች። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1953 ታተመ፤ ዛሬ ትናንት የተመረቀች አዋላጅ ነርስም በእሷ ዓይን ታያለች። እዚሁ ሲዳማ ውስጥም አያንቶዎች አሉ፤ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ሌሊት ሌሊት ተከታትለው የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚወስኑ አባቶች ናቸው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ የሰው ልጆች ቅርስነት ሲመዘገብ ስለ በዓሉ ብዙ ተወራ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን እነዚያ አባቶች ቀኑን በግምት አለመቁረጣቸው ነው። አንጋጠው ያያሉ፣ ደግመው ያያሉ፤ የሚቀጥለው ትውልድም ከእነሱ አጠገብ ቆሞ እያየ ይማራል። እኔም ወጣት ነርስን ሳስተምር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ከሥራ ውጭ ያለው ሕይወት ግን ሌላ ነው። ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ነበሩ፤ አንዱ ሰው በስሜቱ እንዴት እንደሚሳሳት ሲያጠና የኖረ፣ ሌላው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የመሰሉ ባለሙያዎች ስሜት እንዴት እንደሚያድን ሲያጠና የኖረ። ተቃራኒ ሆነው ሳሉ ለዓመታት አብረው ተከራከሩና እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ጻፉ። የተስማሙበት ነገር አጭር ነው፤ ስሜት የሚታመነው ነገሩ ራሱ ሥርዓት ሲኖረውና ሰውየው ያን ሥርዓት በተደጋጋሚ እየሞከረ፣ ውጤቱንም እያየ ለመማር ዕድል ሲያገኝ ነው። ሰውየው በስሜቱ ላይ ያለው መተማመን ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

እኔና ባለቤቴ አነስተኛ ቤት ያለበት ይዞታ ለመግዛት ስንዞር ይህን አሰብኩ። ደላላው መልካም ሰው ይመስላል፤ ግቢው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ልቤ ገና ከበሩ ሳልፍ «ይህ ቤትሽ ነው» አለኝ። እንዴት ያለ ጣፋጭ ስሜት ነበር! ነገር ግን ቤት ስገዛ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የእኔ ልብ ስለ ይዞታ ከየት ተምሮ ያውቃል? ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ከይዞታ ወረቀት ጋር የኖረ አጎቴን ይዘን ሄድን። ካርታውን አየ፣ ባለቤቱ ስላልነበረ የቀረበውን ውክልና አገላብጦ አየ፣ ስለ ግብሩ ጠየቀ። ሲወጣ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ጎደለው እንዴ?» አልኩት። «ወረቀቱ የተሟላ ይመስላል። ግን ሰዎቹ ለምን ይቸኩላሉ? እኔን ደስ አላለኝም፣ ልጄ» አለኝ። ያ የእኔው ንግግር ነበር፤ ከአጎቴ አፍ ሲወጣ ግን ከኋላው የቆመ የሥራ ዘመን ነበረው። ተውነው። ቤቱ በኋላ ምን እንደሆነ አልሰማንም፤ ልክ እንደነበርን የሚነግረን የለም። የዚህ ዓይነት ውሳኔ ባሕርይው ይህ ነው፤ እንደ ምጣዱ አይመልስም። ለዚህም ነው በእንዲህ ያለው ጉዳይ ከራሴ ልብ ይልቅ ብዙ መልስ የሰማን ሰው ልብ የምዋሰው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከሕፃናት ክፍል ወጥቼ በቢሮ የማስተባበር ሥራ እንድይዝ ተጠየቅሁ። ለዚህ የተጠቀምኩበት ዘዴ የካህነማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1955፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለእስራኤል ጦር ምልምሎች የቃለ መጠይቅ ሥርዓት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ጠያቂዎቹ ቀደም ሲል ከወጣቱ ጋር ያወሩና በጥቅሉ ይፈርዱ ነበር፤ ፍርዳቸው ግን ከንቱ ሆኖ ተገኘ። እሱ ስድስት ጠባያትን ለይቶ እያንዳንዱን ለብቻው እንዲመዝኑ አደረገ። ጠያቂዎቹ «ሮቦት አደረግኸን» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ አንድ ነገር ጨመረላቸው፤ ስድስቱን ከመዘናችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ወጣቱን ወታደር ሆኖ በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት፣ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ስጡት አላቸው። ውጤቱ ሲጣራ አዲሱ ዘዴ ከአሮጌው ይሻል ነበር፤ ዓይን ተጨፍኖ የተሰጠው ነጥብም ከስድስቱ ድምር የማያንስ ሆነ። ስሜት ቀድሞ ሲናገር ከንቱ የነበረው፣ ማስረጃውን ሰምቶ ሲናገር ዋጋ አገኘ።

እኔም ደመወዙን፣ ለልጆቼ የሚተርፈኝን ሰዓት፣ የምማረውን፣ አብሬያቸው የምሠራቸውን ሰዎች፣ ጉዞውን፣ ሥራውን ራሱን በተለያየ ቀን ለየብቻ መዘንኩ። በአብዛኞቹ ቢሮው ይሻላል። ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከባለቤቴ ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ዓይኔን ጨፈንኩና በዚያ ቢሮ ውስጥ አንድ ተራ ማክሰኞ ጠዋትን ለማየት ሞከርኩ። ጠረጴዛው ታየኝ፣ ስልኩ፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ የነዳጅ መጠየቂያው። ያን ጠዋት በግምት አይደለም የማውቀው፤ አንዲት ባልደረባዬ ወልዳ በተኛችበት ጊዜ ያንኑ ሥራ ተክቼ ሠርቻለሁ፣ ማታ ማታ እንዴት ሆኜ ቤቴ እንደምገባም አስታውሳለሁ። ስለዚህ ልቤ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጠው አመንኩት። ባለቤቴ ስለ ደመወዙ አንድ ጊዜ አነሣ፤ ትክክል ነው፣ ቤታችን ያስፈልገዋል። ተነጋገርንበት፣ ወጪያችንን አስተካከልን፣ እኔም ክፍሌ ውስጥ ቀረሁ።

አሁን በክፍላችን አንድ ልማድ ተክለናል፤ በሥራዋ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ያለች ነርስም ብትሆን «ደስ አላለኝም» ካለች ልጁ ደግሞ ይታያል። ለምን እንዳለች ማስረዳት ግዴታዋ አይደለም። ልጁ ከታየ በኋላ ግን አብረን ቁጭ ብለን፣ ክራንዳል እንዳደረገችው፣ ያየችውን እናስወራታለን። ለወላጅ የምናቀርበው ጥያቄም ተጨምሯል። ሙቀቱን ከጠየቅን በኋላ «ይህ ሕመም ከበፊቱ ይለያል?» እንላለን፤ መልሱን ለመስማትም እንታገሣለን፤ እኒያ አያት መልሱን ለማግኘት ልጁን ሁለት ጊዜ ማየት ነበረባቸው።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሳትጠየቁም ቢሆን ይህን ንገሩን። «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» በሉ። ነርሷ ቸኩላ ካለፈችው ድገሙት፤ በትሕትና፣ ግን ድገሙት። ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ የማያስፈልግባቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፈዝዞ ወይም ራሱን ስቶ አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ልባችሁ ምንም ቢላችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተነሥታችሁ አምጡት።